መልስ፦ ፓንዘሮቶና ካልዞኔ አንድ ናቸው? ሲጠበስስ ለምን ይፈነዳል?

አንድ አይደሉም፤ ቅርብ ዘመዳሞች ግን ናቸው፤ ሁለቱም ውስጡ ተሞልቶ ከሚታጠፍ ሊጥ የሚሠሩ የጣሊያን ምግቦች ናቸው። ካልዞኔ የኔፕልስ ነው፤ ተለቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜ በፒዛ ምድጃ ይጋገራል፣ ሪኮታ (ለስላሳ አይብ) እና ሳላሚ (የደረቀ ቋሊማ) ይገባበታል። ፓንዘሮቶ የደቡብ ጣሊያኗ ክልል የፑሊያ ነው፤ አነስ ይላል፣ በዘይት ይጠበሳል፣ ውስጡ ሞዛሬላ (ሲሞቅ የሚለጠጥ አይብ) እና ቲማቲም ነው። ኔፕልስ ሄደው «ፓንዛሮቲ» ብለው ካዘዙ ግን የሚቀርብልዎ የተፈጨ ድንች ተድቦልቡሎ የተጠበሰ ነው፤ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

የመፈንዳቱ ዋና ምክንያት ውሃ ነው። ሞዛሬላው ውሃ ከያዘ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ይሆንና የተጣበቀውን ጠርዝ ይከፍተዋል። ስለዚህ 300 ግራም ሞዛሬላ ከትፈው ወንፊት ላይ ቢያንስ 2 ሰዓት ያንጠፍጥፉ። ቲማቲሙንም ፍሬውን አውጥተው ይጭመቁት፤ ይሄን ደረጃ እባክዎ አይዝለሉት።

ሊጡ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 280 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 10 ግራም ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ነው። ደህና አድርገው አሽተው እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ያድርጉት፣ 10 ቦታ ይከፋፍሉ፣ እያንዳንዱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳምጡ። እንደ ሳምቡሳ ሊጥ ካሳሱት ይቀደዳል። ጠርዙን ቅባት ከነካው አይጣበቅም። ሲያጥፉት በመዳፍዎ አየሩን ገፍተው ያስወጡ፣ ከዚያ በሹካ ይጫኑት። ሞልተው አያቆዩት፤ ሊጡ ከስር ይረጥባል።

ዘይቱ 180 ዲግሪ ይሁን፤ ከቀዘቀዘ ሊጡ ዘይት ይጠጣል። በአንዴ ከሁለት በላይ አይክተቱ፣ እያገላበጡ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።