ለትልቅ ዳታ ብለሽ ላፕቶፕ አትቀይሪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በፈረንጅ ከ1981 እስከ 2020 ያለውን የቺርፕስ (ከሳተላይትና ከጣቢያዎች የሚዘጋጅ የዝናብ መረጃ) ዕለታዊ ዝናብ ለመላው ኢትዮጵያ ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ ፋይል) ቀይረሻል። 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ልክፈተው ስትዪ ግን «ሜሞሪ መመደብ አልተቻለም» እያለ ይዘጋብሻል። የምትፈልጊው የየዓመቱን የክረምት ዝናብ ድምር ነው። ከዚሁ ዳታ ጋር ብዙ ስለሠራሁ የሚያዋጣውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የቺርፕስ አንዱ ፒክስል (የካርታው ትንሿ ካሬ) ጎኑ 0.05 ዲግሪ ነው። አገሪቱን ከ33 እስከ 48 ምሥራቅ፣ ከ3 እስከ 15 ሰሜን ብንይዛት 300 በ240፣ ማለትም 72,000 ፒክስል ይወጣል። ይህ በ14,610 ቀን ሲባዛ ከ1 ቢሊዮን ረድፍ በላይ ነው። አር አንድን የአስርዮሽ ቁጥር በ8 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንዷ ኮለም ብቻ 8.4 ጊጋ ትበላለች። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ቀንና ዝናብ ሲደመሩ ከ33 ጊጋ ያልፋል። በዚያ ላይ አር ስሌት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ኮፒ ያደርጋል። ራሙን 16 ብታደርጊውም ብርሽ ነው የሚወጣው። ዳታ ቴብል የሚባለውን የአር ፓኬጅ ሞክሪ ያሉሽ ሰዎች ፈጣን መሆኑ ላይ ልክ ናቸው፤ ግን እሱም የሚጭነው ራም ላይ ነው።

መፍትሔው ዳታው ዲስክ ላይ እንዳለ መተው ነው። ስሌቱ እዚያው ይሠራና ወደ አር ውጤቱ ብቻ ይምጣ። እኔ ለዚህ ዳክዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ እጠቀማለሁ። ሰርቨር አይፈልግም፣ እንደ ማንኛውም ፓኬጅ ይጫናል። ሲኤስቪውን ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ያነበዋል። መጀመሪያ በዓመት የተከፋፈለ የፓርኬ ፋይል (ዳታን በኮለም አምቆ የሚይዝ ዓይነት) አድርጊው፤ መጠኑ በጣም ይቀንሳል፣ አንድ ዓመት ስትጠይቂም የሌላውን ፎልደር አይነካም።

ከዚያ የለመድሽውን የዲፕላየር (ሰንጠረዥ ማስተካከያ የአር ፓኬጅ) ኮድ ጻፊ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን የፈረንጅ ወራት ለዪ፣ በፒክስልና በዓመት ቦድኚ፣ ደምሪ። ውጤቱን ወደ አር የምታመጣው ኮሌክት የምትለዋ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ትሁን። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ያስገባትና ቢሊዮኑን ረድፍ በሙሉ ይጠራል። መጨረሻ ላይ ከሆነች የሚመጣልሽ 2.88 ሚሊዮን ረድፍ ነው። አራት ኮለም ቢኖረው እንኳ 100 ሜጋ አይሞላም።

ዳክዲቢ ካልነገርሽው እስከ 80 በመቶ ራም ልጠቀም ይላል። ብሮውዘር ከፍተሽ ከሆነ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፤ ገደቡን 4 ጊጋ አድርጊው። የተረፈውን ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ እዚያም ቦታ ይኑርሽ።

አንድ ነገር አደራ። ቺርፕስ መረጃ የሌለበትን ፒክስል -9999 ብሎ ነው የሚሞላው። ሳታወጪው ከደመርሽ ኮዱ ምንም ሳይል ውጤቱን ያበላሸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ድምሩ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ሲኤስቪውን ትተሽ ዋናውን የቺርፕስ ካርታ ፋይል በቴራ (የካርታ ዳታ የሚያነብ የአር ፓኬጅ) ክፈቺው። ቴራም በየክፍሉ እያነበበ ነው የሚሠራው። ከወረዳ የምርት መረጃ ጋር ማያያዝ ካለብሽ ግን የፓርኬው መንገድ ይሻልሻል።

ሁሉንም ከማስኬድሽ በፊት በ1984 እና በጎረቤቶቹ ጥቂት ዓመታት ሞክሪው። የ77ቱ ድርቅ ክረምት ነው። ወሎ ላይ ዝናቡ ከሌሎቹ ዓመታት አንሶ ካልታየሽ ኮድሽን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።