ስካነሩን «አካፈልኩት» ወይስ «አጋራሁት»?

ጥያቄ፦ ቤታችን ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ስካነር አለን። ሁለቱም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ስካነሩ ሳሎን ካለው ኮምፒዩተር ጋር በዩኤስቢ ተያይዟል፤ የእኔም ላፕቶፕ በቤቱ ኔትወርክ በኩል እንዲጠቀምበት አደረግኩ። አሠራሩን ለዘመዶቼ በአማርኛ ስጽፍ «ስካነሩን ከሌላው ኮምፒዩተር ጋር አካፈልኩት» አልኩ። ወንድሜ «አጋራሁት በል» አለኝ፤ እህቴ ደግሞ «ሼር አደረግኩት ብለህ ተገላገል» ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድምዎ። ነገር ግን በዚህ ብቻ አልለቅዎትም፤ «ማካፈል» ያለቦታው ሲገባ ካየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«ከፈለ» በግእዝ ለየ፣ መደበ፣ ከፋፍሎ አደለ ማለት ነው። ክፍል፣ ክፋይ፣ ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ዘመን ሁሉ የዚሁ ዘሮች ናቸው፤ «መክፈልት» ድርሻ ነው። እንጀራውን ያካፈለ ሰው የተረፈውን ነው የሚበላው። ስካነሩን ግን ይመልከቱት፦ ሳሎን ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ስካነር የሚያዝዝበት የ«ሴን» (SANE) አገልጋይ ፕሮግራም በፖርት፣ ማለትም በኔትወርክ በር ቁጥር፣ 6566 ጥሪ ይጠብቃል። የላፕቶፕዎ አድራሻ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ ላፕቶፑ ስካነሩን የራሱ ይመስል ያዝዘዋል። መብራቱ ከመስተዋቱ ሥር መሄድ ከጀመረ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በዚያ መሐል ሌላው ቢያዝዝ «ተይዟል» ይባላል። የተቆረሰ ነገር የለም፤ ሁለቱም በየተራቸው ሙሉውን ያገኙታል። አማርኛ ለዚህ «ጋራ»ን አስቀምጧል። የጋራ መኖሪያ ቤት ደረጃን ነዋሪው ሁሉ ይወጣበታል እንጂ ማንም ድርሻዬ ብሎ ቆርሶ አይወስደውም።

«አጋራ» የፌስቡክ ዘመን ፈጠራ ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ ከ«ተጋባ» «አጋባ»፣ ከ«ተጣላ» «አጣላ» ይወጣል፤ ያጋባው ሽማግሌ ራሱ አላገባም፣ ያጣላውም ነገረኛ ዳር ቆሞ ያያል። ስለዚህ «አጋራሁ» ያለ ሰው ራሱ ከተጋሪዎቹ አይቆጠርም ይላሉ። ብልህ ክርክር ነው፤ ግን ከ«ተጫወተ» «አጫወተ» ሲወጣ የት ነበሩ? ልጁን ያጫወተ አባት አብሮ ተጫውቷል። የሚመርጡት «አካፈለ» ራሱ የተሠራው በዚሁ መንገድ ከ«ተካፈለ» ነው፤ ያካፈለ ሰው ደግሞ አብሮ ይበላል። ግሱ አዘውትሮ የተሰማው በቅርብ ጊዜ ይሁን እንጂ አወጣጡ የጥንቱ ነው።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። «ልምድ ማካፈል»ና «ሐሳብ ማካፈል» ከተለመዱ ቆይተዋል፤ ልምድ ደግሞ ቢያካፍሉት አይጎድልም። ይህን ሲያነሡብኝ መልስ የለኝም። ልምዱን ያካፍሉ፤ ስካነር ላይ ግን ጆሮዬ እሺ አይለኝም። ለመመሪያ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ከ«አካፈለ» የባለቤቱና የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ስም ላውጣ ቢሉ «አካፋይ» እና «ተካፋይ» ይመጣል። 12 ለ3 ሲካፈል 12 ተካፋይ፣ 3 አካፋይ መሆናቸውን የተማረ ዘመድዎ መመሪያውን የሒሳብ የቤት ሥራ ያደርገዋል። «አጋሪ» እና «ተጋሪ» ይበሉ።

«ከሌላው ኮምፒዩተር ጋር» ያሉትም ይታረም። «ተጋራ» ከሆነ «ከ…ጋር» ይስማማዋል፦ ከጎረቤቴ ጋር ግቢ እንጋራለን። «አጋራ» ግን ተቀባዩን በ«ለ» ይፈልጋል፦ ስካነሩን ለላፕቶፑ አጋራሁት። የቀድሞ ጸሐፊዎች «ከእሱ ጋራ» እያሉ በራብዕ ይጨርሱት የነበረው ይህ «ጋር» በግሱ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ መደረቡ ምን ይጠቅማል? «ከወዳጆቼ ጋር አጋራሁ» የሚለው ግን ዛሬ አገር ምድሩን ሞልቶታል፤ ስሕተት ነው ብል የሚሰማኝ የለም። እኔ አልጽፈውም።

የእህትዎን «ሼር ማድረግ» በወሬ መካከል አልነካውም። «ስካን ማድረግ»ንም ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ከ«ፕሪንት» ጎን ተጽፎ ካየሁ በኋላ መከራከር ትቻለሁ፤ ምንም እንኳ ልቤ «መቃኘት»ን ቢመርጥም። የላቲኑ ሥር «ስካንዴሬ» መውጣት፣ መወጣጣት ነበር፤ ቆይቶ የግጥምን ምት ቆጥሮ መለካት ሆነ፣ ከዚያ አተኩሮ መመርመር፣ በመጨረሻ ከማሽኑ ደረሰ። የእኛም «ቃኘ» የክራርን ድምፅ ያስማማል፣ አካባቢንም ያስሳል። «ቃኚ» ከ«ስካነር» ምን ያንሰው ነበር? ገበያ ወርደው «ቃኚ አላችሁ?» ቢሉ ግን ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በመመሪያዎ ላይ «ስካነር» ብለው ይተዉት፤ «አካፈልኩት»ን ብቻ ያውጡልኝ።