ክረምቱን ምን ላንብብ ላልሽኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ደወለችልኝ። የሁለተኛ ዓመት ፈተናዋን ጨርሳ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ተሁለደሬ ልትገባ ነው። «አባባ፣ ክረምቱን ሙሉ ቤት ነኝ፤ ምን ባነብ ይሻለኛል?» አለችኝ። ዕድሜውን በግብርና ሙያ የጨረሰ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። የሁለት መጻሕፍት ስም ነገርኳት፤ አመስግና ስልኩን ዘጋች። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በእሷ ዕድሜ፣ በእሷው አገር፣ እኔም የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለክረምት ቤት ገብቼ ነበር። ልነግራት የሚገባኝ ያን ክረምት ነበር።

ስለዚህ ለእሷም ለእኩዮቿም እጽፋለሁ። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ከሱስ ራቁ የሚለውን ከቤታችሁ ሰምታችሁታልና አልደግመውም።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ውኃው ቁልቁል ከሚታይበት ተረተር ላይ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ መጥቼ ስወርድ ሐምሌ ገብቷል፤ ጎረቤቶቻችንም ረመዳንን በቅርቡ ፈትተዋል። ለክረምት ቤት የገባ ተማሪ በዚያ ዘመን እንደ እንግዳ አይቆጠርም። በማግስቱ ጠዋት ዶማ ተሰጠኝ። አባቴ ከታናናሽ ወንድሞቼ ጋር የጤፉን ማሳ ሲያለሰልስ እናቴ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ እህቴና እኔ ጓሮውን ያዝን።

የእናቴን ጓሮ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መዞር እችላለሁ። በበሩ በኩል ጤና አዳምና በሶብላ፤ ከአጥሩ ሥር ጌሾ፤ ከጌሾው ጎን ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆን ኮሰረት፤ መሐል ላይ በቆሎ፤ ከቤቱ ጀርባ የአበሻ ጎመን። በበቆሎው ሥር ዱባ ትተክላለች። የዱባው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ አረሙን ያፍነዋል፣ አፈሩንም ከዝናቡ ድብደባ ይከላከላል። እኛ ይህን «አሰባጥሮ መዝራት» በሚል ርዕስ ተምረን ተፈትነንበታል። እሷ ርዕስ አልሰጠችውም። ጎመኑን ስንቀጥፍ ከታች ከዳር ያለውን ቅጠል ብቻ እንድንነካ ታዝዘን ነበር። አናቱ ካልተነካ ፍልሰታን አሻግሮ እስከ መስከረም ያበላል።

በበጋ እህል ይደርቃል፤ በክረምት የደረቀውን ከእርጥበት ማዳን ነው ሥራው። ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ብቅ ስትል ቤቱ ይተረማመሳል። ሰሌን ይዘረጋል፤ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ለወፍጮ የተለየው እህል ይወጣል። ደመናው ከአምባሰል በኩል ሲጠቁር እህቴ «መጣ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሁሉም ተጋግዞ ይገባል። ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ቋንጣው ጭስ ይጠጣል። ከጎኑ ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከነሽፋኑ ተንጠልጥሎ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ጭስ የጠጣ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም።

ከአጥራችን ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን ሁላችንም እቴቴ እንላት ነበር። ባሏ ሼኽ ናቸው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው፤ አባቴ አጥሩን በየዓመቱ ሲያድስ ያን ክፍተት ዘግቶት አያውቅም። የጠዋት ቡና እኛ ቤት፣ የከሰዓቱ እነሱ ቤት ይጠጣል። በፍልሰታ ጾም ላሟ ትታለብ ስለነበር ለእኛ የምትልከውን ወተት አጠራቅማ ንጣ ቅቤውን ለጾም መፍቻ ላከችልን። ሰዎች የወሎን መቻቻል ሲያወሩ ብዙ ትልልቅ ቃል ይጠቀማሉ። እኔ የማስታውሰው ያን ቅቤ ነው፤ በጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር የመጣው።

አሁን ወደ ጓዳው ልግባ።

በጓዳችን ውስጥ ለዘር የተቀመጠ ሽምብራ ያለበት አነስተኛ ጎታ ነበር። ሽምብራ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ዋልካው መሬት ያጠራቀመውን እርጥበት ተማምኖ ነው የሚዘራው። ስለዚህ ዘሩ ከጥር ጀምሮ ሙሉ ክረምቱን አልፎ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መድረስ አለበት። ነቀዝ የሚራባውም በእነዚህ ወራት ነው። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትሄድ ጎታውን ከፈትኩት። የክዳኑን ጠርዝ በእበት ለስናው ነበር፤ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሽምብራው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሏል።

በዚያው ዓመት ስለ ዘር ጥራት ተምሬ ነበር። ጥሩ ዘር ከሌላ ሰብል ፍሬ ንጹሕ መሆን አለበት ይላል ትምህርቱ፤ ልክም ነው። እናቴን የሚያስደንቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ወንፊቱን አወረድኩ። ጤፉ በወንፊቱ ቀዳዳ እየሾለከ ወረደ፣ ሽምብራው ከላይ ቀረ። ሁለት ቁና ያህል ይሆናል። ሽምብራውን ብቻውን መልሼ ጎታው ውስጥ አደረግሁ፤ ጤፉን ከሚበላው ጤፍ ጋር ቀላቀልኩት፤ ክዳኑን ሳልለስነው እንዲያው ጫንኩበት። ዘሩ ሲወጣ አይታ ትደነቅ ብዬ አልነገርኳትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ጎታውን ከፈተች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እጇን አስገብታ ስታወጣ እስከ አንጓዋ ነጭ ዱቄት ሆነ። በዱቄቱ ላይ ቡናማ ትንንሽ ነቀዞች ወደ ክንዷ ይወጣሉ። አንዷን ፍሬ አንስታ በብርሃን አየቻት፤ በመርፌ እንደተወጋች ክብ ቀዳዳ አላት። እናቴ እህል መድረቁን የምታውቀው በጥርሷ ነበር፤ ቀጭ ካለ ይቀመጣል፣ ካላለ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ያችን ሽምብራ በጥርሷ ያዘቻት። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ፈረሰች።

አባቴ የክዳኑን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰና «ይህን ማን ከፈተው?» አለ። ጓዳ የምትገባ የምትወጣው፣ ለወፍጮ የምትሰፍረው እህቴ ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ቃል አውጥቼ አልከሰስኳትም፣ ዝም ነው ያልኩት፤ ያ ግን በቂ ነበር። አባቴ እጁን አላነሳባትም። «ከእንግዲህ ጓዳ እንዳትገቢ» ብቻ አላት። ይህች ልጅ የጓዳውን ሥራ ትወድ ነበር፤ የቅመሙን ስም እየጠራች ታሸት ነበር። በአጥሩ ክፍተት ሾልካ እቴቴ ቤት ሄዳ እስኪመሽ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ዝናቡ እየጣለ እቴቴ መጣች። ከኩታዋ ሥር ቅል ይዛለች። ተቀምጣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ ከተጫወተች በኋላ ቅሉን ወደ እናቴ ገፋ አደረገችና «እህቴ፣ የዚያን ጊዜውን ብድር ሳልመልስ ክረምቱ ሊያልፍብኝ ነው፤ ዐውፍ በይኝ» አለች። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «እኔስ ረስቼው ነበር» አለችና ተቀበለች። እቴቴ ስትነሳ እህቴን ራሷን ደባብሳ «አብሽሪ ልጄ» አለቻት። ወደ ኩራዙ ጠጋ ብለው ቅሉን ሲከፍቱት አየሁት። ሽምብራው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሏል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ብድር እናቴን ጠየቅኋት። «ምን ብድር?» አለችኝ። «አበድሬያት አላውቅም። እሷ ሳታሳፍረኝ ልትሰጠኝ ፈለገች፣ እኔም ሳላሳፍራት ተቀበልኳት።»

ያ ዘር ተዘርቶ በ1976 ጥር ላይ ገባ። ከዚያ የሆነውን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል፤ በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሳይሰምር አለፈ፣ 1977 መጣ። በብዙ ቤት ዘሩ ተበላ። እኛ ቤት ያ ሽምብራ ንፍሮም፣ ቆሎም፣ ሽሮም እየሆነ የመጀመሪያዎቹን ክፉ ወራት አሻገረ። እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ በመንግሥት ቀለብ እበላ ነበር፤ ይህንን በደብዳቤ ነው ያወቅሁት። እቴቴና ቤተሰቧ በሰፈራው ወደ ምዕራብ የሄዱትም እኔ በሌለሁበት ነው። የት እንደደረሱ በኋላ ጠያይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አመስግኛት አላውቅም። ሽምብራውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔንም አታውቅም።

እናቴ ጤፉን ለምን ትጨምር ነበር? ነቀዝ በፍሬና በፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት እንደ መንገድ ይጠቀምበታል፤ እየዞረ ይገናኛል፣ ከፍሬ ወደ ፍሬ እየሄደ እንቁላሉን ይጥላል። ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያን ክፍተት ይሞላዋል። ጤፉን ራሱን ነቀዝ አይበላውም። በዘር ጊዜ በወንፊት ይለያል፤ ጤፉ ይበላል፣ ሽምብራው ይዘራል፣ የሚባክን ነገር የለም። በሞቃት ወቅት ነቀዝ ከእንቁላል ተነስቶ በአንድ ወር ገደማ ሌላ ትውልድ ያደርሳል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሰጠሁት ጊዜ ምን ያህል እንደበቃው አስቡት። ዛሬ ገበሬው የሚገዛው አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢትም መላው ቅርብ ነው፤ ነቀዙ የሚተነፍሰው አጥቶ ያልቃል። ይህን ከረጢት ለገበሬዎች ሳስተዋውቅ በኖርኩባቸው ዓመታት የእናቴን ጎታ በምሳሌነት አንስቼ አላውቅም። ማንሳት ነበረብኝ።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እናገረዋለሁ። ለክረምት ቤት ገብታችሁ ጓሮውን በስልክ ታነሱታላችሁ፣ ጎመኑን ግን ከገበያ ታስገዛላችሁ። እናታችሁ ቅቤ ስታነጥር ከጎኗ ቆማችሁ ኮሰረቱን መቼ እንደምትጨምር የምታዩ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ችኩሎች ናችሁ፤ ነገሩን ሳትጠይቁ ታሻሽሉታላችሁ። ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይያዛል። ወንፊቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ስልክም አልነበረኝም። እናንተ ቢያንስ ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እኔ በዚያ ዕድሜ «ምን ላንብብ» ብዬ ሽማግሌ ጠይቄ አላውቅም።

የእናት ሥራ ሁሉ ልክ ነው ማለቴም አይደለም። እናቴ ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል ብላ ታምን ነበር። የሻገተ እህልም አጥባ፣ በፀሐይ አስጥታ ታስፈጭ ነበር፤ ይህን አታድርጉ። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ታጥቦም በስሎም አይለቅም፣ ጉበት ይጎዳል። ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። ተቀምጬ ባስረዳት ትሰማኝ ነበር፤ እኔም ጤፉን ለምን እንደምትጨምር ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ያን ክረምት ሁለታችንም በአንድ ጓዳ ውስጥ እየተላለፍን ዋልን።

እህቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ የምትኖረው እዚያው ሐይቅ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ቡና እያፈላችልኝ ሳለ ሁሉንም ነገርኳት። ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደረች ሰማችኝ። «እማ ገበያ የሄደች ዕለት ማታ ወንፊቱን ሳወርድ ቀዳዳው ላይ ጤፍ ተሰክቶ ነበር» አለች። «አራግፌ መልሼ ሰቀልኩት። ነሐሴ ላይ ነገሩ ሲገባኝ፣ አባባ ካወቀ ትምህርቱን ያስተውሃል ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ ቡናውን ቀዳችልኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር ብያችኋለሁ።

የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እናቴ የእቴቴን ቅል ጥር ላይ ሽምብራ ሞልታ መለሰችላት፤ እቴቴ የጎመን ዘር አድርጋ ላከችው፤ እናቴ በሶ ሞልታ መለሰችው፤ ክፉው ዘመን ሲገባም አንድ ሁለት እፍኝ እየያዘ ተመላለሰ። እነሱ ወደ ሰፈራ ሲሄዱ ቅሉ እኛ ቤት ነበር፤ የመመለሱ ተራ የእኛ ነበር ማለት ነው። እናቴ እስክታርፍ በየዓመቱ ሽምብራውን ስትለውጥበት ኖረች። አሁን እህቴ ጓዳ ውስጥ ነው። አፉ ላይ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ጥር ላይ ያረጀውን ታወጣና አዲስ ሽምብራ ከጤፍ ጋር ትሞላበታለች።

ልጄ፣ ቤታችሁ ከእህቴ ቤት ሩቅ አይደለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘር ሲወጣ እኔም እዚያ ነኝ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ፤ ወንፊቱን አንቺ ትይዣለሽ።