በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና እና የበረዶ ወራት፦ ለአንባቢያን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ከዳላስ ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የተዛወርኩት በቅርቡ ነው። የምነዳው በኋላ ጎማ የሚሄድ ቢኤምደብሊው ሲሆን ያሉት ጎማዎች ሰፋፊ የበጋ ጎማዎች ናቸው። ጓደኞቼ «ሽጠህ ሱባሩ ግዛ» ይሉኛል፤ አንዱ ደግሞ ከኋላ ብቻ ሁለት የበረዶ ጎማ ባስገጥም እንደሚበቃኝ ነግሮኛል። ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በተራራው ላይ ወዳሉት ከተሞች ወደ ቬይልና ብሬከንሪጅ ተሳፋሪ የማመላለስ ሐሳብም አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መኪናውን አይሽጡ፤ አራት የበረዶ ጎማ ይግዙ። የጓደኞችዎ ስጋት ግን መሠረት አለው። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ነዳጅ ሲበዛበት የኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ተራ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ያለው ከሆነ ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹ አንዱ የረጋ በረዶ ላይ ባረፈ ጊዜ ያ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። እንደ ሱባሩ ያለ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በዚህ ረገድ፣ ማለትም ተነሥቶ በመሄድና ዳገት በመውጣት፣ ይበልጣል። ፍሬን ሲያዝ ግን የየትኛውም መኪና አቋቋም የሚወሰነው አራቱ ጎማዎች አስፋልቱን በሚይዙበት መጠን ስለሆነ፣ የበጋ ጎማ ያደረገ ሱባሩ የበረዶ ጎማ ያደረገ ቢኤምደብሊውን ከኋላው መጥቶ ቢገጨው አያስደንቅም።

የበጋ ጎማ ላስቲክ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ መንገዱ ላይ በረዶ ባይኖርም እንኳ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድም እንደለሰለሰ ይቆያል፣ ጥርሱም በረዶ እንዲነክስ በቀጫጭኑ የተሰነጣጠቀ ነው። ሲገዙ በጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበትን ምልክት ይፈልጉ። ይህ ምልክት የሚሰጠው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው፤ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን የሚናገረው ስለ ጥርሱ አቀራረጽ እንጂ ስለ ፈተና አይደለም።

ሁለት ጎማ ይበቃል የሚለውን ምክር አይቀበሉ። ከኋላ የበረዶ ጎማ፣ ከፊት የበጋ ጎማ ያለው መኪና በደንብ ይነሣል፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን መሪውን ቢያዞሩትም ፊቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከፍሬን ኃይል አብዛኛውን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው።

እንደ እርስዎ ባለ መኪና የኋላ ጎማዎች ብዙ ጊዜ ከፊቶቹ ይሰፋሉ። ሰፊ ጎማ በጥልቅ በረዶ ላይ የመንሳፈፍ ጠባይ ስላለው፣ ለበረዶ ወራት አምራቹ የሚፈቅደውን ጠበብ ያለ፣ አራቱም እኩል የሆነ መጠን ይምረጡ። አነስ ባለ ቸርኬ ላይ ቢያስገጥሙት ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሆኖም ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር እንዳይነካ ጎማ ቤቱ አስቀድሞ ይለካልዎ። የጎማ ንፋስ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር በአንድ ፒኤስአይ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ ይለኩት። «ለበረዶ ንፋስ አጉድል» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ አይስሙት።

ወደ ተራራው ስለመሥራት ግን ለመጀመሪያው ዓመት ቢቆዩ እመርጣለሁ። በሀይዌይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከመስከረም (ሴፕቴምበር) 1 እስከ ግንቦት (ሜይ) 31 የኮሎራዶ የጎማ ሕግ አለ፤ በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ጥርስ ያለው ለበረዶ የሚሆን ጎማ እንዲኖረው፣ አለዚያም ሰንሰለት ወይም ተመሳሳይ መሣሪያ እንዲይዝ ያስገድዳል። ሰንሰለት የሚታሰረው በሚነዳው ጎማ ላይ ስለሆነ የእርስዎ ከኋላ ነው። አንዳንድ ቢኤምደብሊው በጎማውና በአካሉ መካከል ለሰንሰለት የሚበቃ ክፍተት ስለሌለው መመሪያ መጽሐፉን አይተው ይግዙ፤ ካልፈቀደ ጎማው ላይ የሚለበሰው የጨርቅ ዓይነት አለ። በቤትዎ ግቢ፣ በደረቅ ቀን፣ አንድ ጊዜ አስረው ይፍቱት፤ በጨለማ ከመንገድ ዳር ተንበርክኮ መማር አይቻልም።

አነዳዱን በተመለከተ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን እንደበራ ይተዉት። የሚያጠፉት በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወዘወዙ ሲወጡ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ በድንገት መቀነስ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚይዝ መኪናውን ሊያዞረው ይችላል። የኋላው መሸሽ ከጀመረ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለው ያንሡ፣ ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውን መሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ መኪናው መስመሩን ሲይዝ ወዲያው መሪውን ይመልሱ፣ ከዘገዩ በተቃራኒው ይሸሻል። ዴንቨር ላይ በተለይ የሚያሳስበው ቀን ፀሐይ ያቀለጠው በረዶ ሌሊት ተመልሶ የሚረጋው ነው፤ ጠዋት ጥላ ያረፈበት መታጠፊያ ደረቅ መስሎ ሊታይዎት ይችላል።

ባትሪዎ ያረጀ ከሆነ ብርዱ ሳይጠና ያስፈትሹት፤ አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ይሁን፤ የመስታወት ማጠቢያውም የማይረጋው ዓይነት ይሁን።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በኋላ ጎማ የሚሄድ ፒክአፕ አለኝ። የበረዶ ጎማ አድርጌም ባዶውን ሲሆን ይንሸራተታል። አሸዋ መጫን እውነት ይጠቅማል?

መልስ፦ ለባዶ ፒክአፕ ይጠቅማል፤ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፍ ክብደት የለምና። በየሱቁ የሚሸጠውን ባለ 60 ፓውንድ ረጅም የአሸዋ ከረጢት ከሦስት እስከ አራት ገዝተው ልክ ከኋላው አክስል በላይ ያስተኙት። ወደ ጫፉ ካራቁት የፊቱን ስለሚያቀለው መሪው ይፈዛል። ፍሬን ሲይዙ ወደ ፊት እንዳይወረወር በእንጨት ያግዱት ወይም በገመድ ይሰሩት። ክብደቱ መቆሚያውን እንደማያሳጥረው ያስታውሱ፤ ርቀትዎን ይጠብቁ። ከከረጢቶቹ አንዱን ለብቻ ቢያስቀምጡት፣ መኪናው ሲቀረቀር ቀደው ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ይበትኑታል።