ለግራ እግራችሁ የሚሆን ፍሪሲዮን

ልጆች፣ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ዕቃ እናንተ ክላች ትሉታላችሁ። እኔ ፍሪሲዮን ነው የምለው። አዲስ አበባ ሙያውን ስለምድ የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የቀረ ነበር፤ ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ፣ ቮላኖ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ኩሽኔታ ቤሪንጉ፣ ሞላ ስፕሪንጉ። ቨርጂኒያ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ ቃላቱ ግን ከአፌ አልወጡም። እንግዲህ ቻሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። የ2015 ጎልፍ ጂቲአይ አለው፣ ማንዋል። ከማናሳስ አርሊንግተን በየቀኑ በአይ-66 ይመላለሳል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት መንዳት ሳይሆን መንፏቀቅ ነው። ልጁ የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ስቴጅ 1 የሚባለውን ጉልበት የሚጨምር ፕሮግራም አስጭኗል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍሪሲዮኑ ማንሸራተት ጀመረ። እኔ ጋ የመጣው ታዲያ ምን ልግዛ ብሎ ሊጠይቅ አይደለም። ገዝቶ፣ ካርቶኑን ታቅፎ ነው የመጣው። ስከፍተው ባለ ስድስት ጥፍር የሴራሚክ ዲስክ፣ መሃሉ ላይ ሞላ የሌለው። የውድድር ሜዳ ዕቃ ነው።

«ጋሼ፣ 500 ፓውንድ-ፉት ይችላል!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

«ያንተ መኪና ስንት ይሰጣል?»

ዝም አለ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር የኛ ሰዎች። ፍሪሲዮን በፈረስ ጉልበት አይመረጥም። እሱን የሚያሸንፈው ቶርክ ነው፤ ሞተሩ ቮላኖውን የሚጠመዝዝበት ኃይል ማለት ነው፣ በፓውንድ-ፉት ይለካል። ያ ጎልፍ ከፋብሪካ ሲወጣ 210 የፈረስ ጉልበትና 258 ፓውንድ-ፉት ቶርክ አለው። ስቴጅ 1 ሲጫንበት ቶርኩ ከ300 ያልፋል። ቱርቦ ስለሆነ ደግሞ ጉልበቱ የሚመጣው ገና በዝቅተኛ ዙር ነው፤ መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲሄድ። ፍሪሲዮን ላይ ከዚህ የከፋ ጭነት የለም። ስለዚህ የልጁ ሕመም እውነተኛ ነበር። መድኃኒቱ ነው የበዛበት።

የእናንተ መኪና ያንሸራትት እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ባዶ መንገድ ፈልጉ። በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ። የሞተሩ ዙር ሽቅብ ወጥቶ የመኪናው ፍጥነት ባለበት ከቀረ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሽታውም ይነግራችኋል። የተቃጠለ ፍሪሲዮን አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም።

አሁን ወደ ምርጫው። ፍሪሲዮን ብዙ እንዲችል የሚያደርጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌት ሞላው ይጠነክራል። ወይም የዲስኩ ሽፋን ይበልጥ የሚይዝ ይሆናል። ወይም አንዱ ዲስክ ሁለት ይሆናል። ዲስኩን ማስፋትም ያስኬድ ነበር፣ ግን ቦታው አይፈቅድም። ሁሉም ዋጋ አላቸው። የዶላሩን ማለቴ አይደለም።

ሞላው ሲጠነክር ከፋዩ ግራ እግራችሁ ነው። ጠዋት ሥራ እስክትደርሱ ፔዳሉን ስንት ጊዜ እንደምትረግጡ እስቲ አንድ ቀን ቁጠሩት። እግር እንኳ ይለምዳል። ሞተሩ ግን አይለምድም። ፔዳሉን ስትረግጡ ኩሽኔታው ሞላውን ይገፋል፤ ያ ግፊት አልፎ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንኩ ላይ ያርፋል። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይላወስ የያዙት ስስ ኩሽኔታዎች አሉ። ከልክ ያለፈ ሞላ ገጥማችሁ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትቆሙ፣ እነዚያን ነው የምትበሏቸው። በነገራችን ላይ የፋብሪካ ፍሪሲዮን ያላችሁም መብራት ላይ ማርሹን አውጥታችሁ እግራችሁን አሳርፉ።

የዲስኩ ሽፋን ላይ ደግሞ ረጋ በሉ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው ከመስታወት ክር፣ ከመዳብና ከሙጫ የተሠራ ነው። ሲይዝ ቀስ ብሎ ነው፤ ትንሽ ተንሸራትቶ ይገጥማል። ያቺ ትንሽ ማንሸራተት ናት መኪናውን በለስላሳው የምታስነሳው። ሴራሚክ ሙቀት ይችላል፣ ንክሻውም ኃይለኛ ነው። ግን ወይ ይዟል ወይ ለቋል፤ መሃል የለውም። ዳገት ላይ፣ ከፊታችሁ መኪና፣ ከኋላችሁ መኪና ሆኖ አስቡት። ወይ ይዘላል ወይ ሞተሩ ይጠፋል። ቮላኖውንም ቶሎ ይፍቃል። ኬቭላር የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለ ይመስላል፤ ለስላሳ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ ግን ይመለጥና ወደ ቀድሞው አይመለስም። ጉራ የሚወድ ልጅ መኪና ላይ አልገጥመውም።

የዲስኩ መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ሞላዎችም ለጌጥ አይደሉም። የሞተሩን ምት የሚውጡ እነሱ ናቸው። ከሌሉ ምቱ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የሚያርፈው።

«ስቴጅ 2 ነው፣ ስቴጅ 3 ነው» የሚባለውን ደግሞ ብዙ አትመኑት። የጋራ መለኪያ የለውም። አንዱ ፋብሪካ ስቴጅ 2 ያለውን ሌላው ስቴጅ 1 ሊለው ይችላል። የሞተሩ ስቴጅ 1ም ከፍሪሲዮኑ ስቴጅ 1 ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሻጩን ስንት ቶርክ ይችላል፣ ሽፋኑ ምንድን ነው፣ ፔዳሉ ከፋብሪካው በምን ያህል ይከብዳል ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ቤት ሂዱ።

የኔ ስሌት እንዲህ ነው። ሞተሩ አሁን የሚሰጠውን ቶርክ ያዙና ሩቡን ያህል ጨምሩበት። 320 ከሆነ 400 የሚችል ፈልጉ። ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ፣ መሃሉ ሞላ ያለው። ከዚያ በላይ አትውጡ። «ወደፊት ትልቅ ቱርቦ አስገባለሁ» የምትሉኝ ልጆች፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ከአሥር አንዳችሁም አታስገቡም።

ሞተራችሁ ካልተነካ ደግሞ ወሬው አጭር ነው። ሉክ፣ ሳክስ፣ ቫሌዮ፣ ኤክሴዲ፣ አይሲን፤ እነዚህ ለመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው የሚያቀርቡ ናቸው። ለመኪናችሁ የሚሆነውን ሙሉ ኪት ግዙ። ብዙ ጊዜ የመኪናው አርማ ካለበት ካርቶን ይረክሳል። ዋጋው የማይታመን ከሆነ ግን አትመኑት፤ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ፣ የሶማሌ ተራን ካርቶኖች ያየ ሰው ማሸጊያ አያታልለውም።

ቮላኖው ላይ ጂቲአይን የመሳሰሉ መኪኖች ይለያሉ። ቮላኖአቸው አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ሁለት ነው፣ በመሃሉ ሞላ ያለው። ሉክ ይህን ቮላኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ለመደበኛ መኪና ያቀረበው የሞተር ምት ለመዋጥ ነው። ሲሞት ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች ቀላል አንድ ወጥ ቮላኖ ይገዛሉ። የሞተሩ ዙር ቶሎ ይወጣል፣ ደስ ይላል። ከዚያ ኒውትራል ላይ ስትቆሙ ካምቢዮው ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስላል። አንዳንዱ ሰው ይለምደዋል። እናታችሁን በዚያ መኪና ቤተክርስቲያን የምታደርሱ ከሆነ ግን በየእሁዱ «ይሄ መኪና ምን ሆኗል?» መባላችሁ አይቀርም።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት ነርስ ሆንዳ ይዛ መጣች። ካምቢዮውን አወረድኩ። ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት የሚይዘው ጎማ፣ ፓራኦሊዮ የምንለው፣ ላብ ላብ ብሎታል። ወጪ እንዳይበዛባት ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ዘይቱ አዲሱ ዲስክ ላይ ወርዶ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ዘይት የጠጣ ዲስክ ደግሞ አይታጠብም። ካምቢዮውን እንደገና አውርጄ፣ ሁለተኛውን ኪት ከኪሴ ገዝቼ ገጠምኩላት። የጎማው ዋጋ የምሳ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ኩሽኔታውን ቀይሩ። ፓራኦሊዮውን ቀይሩ። የቮላኖው ብሎኖች አንዴ የሚጠብቁ ዓይነት ከሆኑ አዲስ ግዙ። የፍሪሲዮኑን ዘይት አስቀይሩና አየሩን አስወጡ። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዲስኩ የቮላኖ በኩል ተብሎ የተጻፈበት ፊት አለው፤ አንብቡት። እኔ ልጅ እያለሁ የአንድ ታክሲ ላዳ ዲስክ ገልብጬ ገጥሜያለሁ። ማርሽ አልገባ አለ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። መፍቻውን አቀበለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ልጁ ካርቶኑን መልሶ ትንሽ ገንዘብ ከሰረ። ኦርጋኒኩን ገጠምንለት። ሊወጣ ሲል የመጨረሻውን ነገር ነገርኩት፤ የመጀመሪያዎቹን 500 ማይል በዝግታ ንዳ፣ ቤንዚን አትርገጥ፣ አዲሱ ሽፋን ከቮላኖው ጋር ይተዋወቅ። የሚቆጠረው ደግሞ የከተማው ነው። ሀይዌይ ላይ ፔዳሉ ስለማይነካ ፍሪሲዮኑ አይለማመድም።

በሳምንቱ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 500 ሞላሁ! አሁን ልርገጠው?»

«ስንቱ ሀይዌይ ነው?»

ዝም አለ።