ይበሰብሳል፣ ይሟሟል ወይስ ይፈርሳል?

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። መድኃኒት ተሸካሚ ናኖ ቅንጣቶች (እጅግ ደቃቅ ብናኞች) ከፖሊመር፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ከሠሩት ቁስ፣ እንዴት እንደሚሠሩ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ፖሊመሩ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚጠፋ «በስባሽ» ልበለው ወይስ «ሟሚ»?

መልስ፦ ሁለቱንም አልመርጥም። ቆሻሻ «የሚበሰብስ» እና «የማይበሰብስ» እየተባለ በሚለይበት አገር ሌላ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው የሚሉ አሉ። ለቆሻሻው እስማማለሁ። «በሰበሰ» ግን፣ እንደ «ለሰለሰ» እና «ለመለመ» ሁለት ፊደል ተደግሞ የተሠራው ግሥ፣ ሽታና ትል ሳያስከትል አይነገርም፤ መዝሙረ ዳዊት በግእዝ «ሙስና» ያለውንም አማርኛው «መበስበስ» ብሎታል። (ሙስና ከመቃብር ወጥቶ ቢሮ የገባው ኋላ ነው።) በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህን ስም ማውጣት ጆሮዬን ይጎረብጠዋል። የጆሮ ፍርድ ማስረጃ አይሆንም ለሚለኝ ደግሞ፣ መበስበስ የተሕዋስያን ሥራ ሲሆን እዚህ ዋናው ሠራተኛ ውሃ መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

«ሟሚ» የባሰ ነው፤ ቦታው አስቀድሞ ተይዟልና። ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የሚሠራውን ፒኤልጂኤ የተባለ ፖሊመር እንውሰድ። በአንደኛው አሠራር ፖሊመሩና መድኃኒቱ አሴቶን በተባለ ፈሳሽ ይሟሟሉ፤ ይህ በሚማሰል ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ሲደረግ አሴቶኑ ወደ ውሃው ይሰራጫል፣ በውሃ የማይሟሟው ፖሊመር ግን መድኃኒቱን እንዳቀፈ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ቅንጣቶች መልክ ይጠጥራል፤ አሴቶኑም ተንኖ ይወገዳል። በአሴቶን የሟሟው የፖሊመር ሰንሰለት አልተቆረጠም። በሰውነት ውስጥ ግን ውሃ ሰንሰለቱን ያያያዙትን የኤስተር ትስስሮች ይቆርጣቸዋል፤ የሚገኙት ሁለቱ አሲዶች ናቸው፣ እነርሱም በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናሉ። በአንድ ገጽ ላይ ለሁለቱም ክንውን «ይሟሟል» የሚል ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

ስለዚህ «ፈራሽ» እላለሁ። ሣልስ ቅጽሉ (በ«ኢ» ድምፅ የሚጨርሰው) «ፈራሲ» ሊሆን ሲገባው፣ የመጨረሻው አናባቢ «ስ»ን ወደ «ሽ» ለውጦ ራሱ ተውጧል፤ «በስባሽ»ም እንዲሁ ነው። «ፈራሽ» ድንገት በአንድ ጊዜ መናድን ያመለክታል ተብሎ ይነቀፋል፤ ነቀፋው ግን ግድግዳ አይቶ የማያውቅ ሰው ነቀፋ ነው። ዝናብ የጠገበ የጭቃ ግድግዳ የሚፈርሰው ከላይ እየተላጠ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ቀስ በቀስ ላልቶ ነው። ፒኤልጂኤም ውሃ ወደ ውስጡ ዘልቆ፣ የሚወጣው አሲድ ራሱ መቆራረጡን እያፋጠነው ይፈርሳል፤ ሁለቱ አሲዶች እኩል በእኩል የሆኑበት ፖሊመር ደግሞ ላክቲኩ 75 በመቶ ከሆነበት ይልቅ ፈጥኖ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ግን ሳልወድ እቀበላለሁ። ከዚሁ የፖሊመር ቤተሰብ የሚሠራውን የቀዶ ሕክምና ክር ሐኪሙም ሕመምተኛውም «የሚሟሟ ክር» ይሉታል፤ በኬሚስትሪ ስሕተት ቢሆንም ልማዱ አሸንፏል። «ፈራሽ ክር» ብንለው ቁስሌ ይከፈታል ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም።

«ናኖ ቅንጣት»ን አይንኩት። ናኖ በግሪክ ድንክ ማለት ነውና «ድንክ ቅንጣት» ይባል የሚለውን ሐሳብ ሰምቼ አልፌዋለሁ። በጽሑፍዎ መጀመሪያ ላይ «በሰውነት ውስጥ ፈራሽ ፖሊመር» ብለው በሙሉ ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ «ፈራሽ ፖሊመር» ይበቃል፤ «ሟሟ»ን ለአሴቶኑ ይተዉለት።