ከመስኮቱ ወዲህ ለምትቀመጡ ልጆቼ

እንደምን ሰነበታችሁ? 34 ዓመት ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ሥራ ለጀመራችሁ ስለ መስኮትና ስለ ማህተም ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው ግን በሩቅ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ሐምሌ ላይ፣ ሊትዌኒያ ውስጥ ካውናስ በምትባል ከተማ፣ የጃፓን ቆንስላ ደጃፍ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አብዛኞቹ ከፖላንድ ናዚን ሸሽተው የመጡ አይሁዳውያን ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ከነልጆቻቸው። አገሩን ሶቭየት ኅብረት ይዛዋለች። ቆንስላዎች እንዲዘጉ ታዘዋል። ለመውጣት የሶቭየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ የመሸጋገሪያ ቪዛ፣ ለቪዛው ደግሞ መድረሻ አገር ይጠየቃል። የሚቀበላቸው አገር የለም። መስኮት ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ ወረቀት ሌላውን ሲጠብቅ ሰው መሀል ላይ ይቀራል።

ያን ዝዋርተንዳይክ የፊሊፕስ ኩባንያ ወኪል ነበሩ፤ በቅርቡ ደግሞ የሆላንድ ቆንስል ሆነዋል። «ወደ ኩራሳዎ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም» ብለው ጻፉላቸው፤ ኩራሳዎ ሆላንድ በካሪቢያን ባሕር የምትገዛት ደሴት ነበረች። የደሴቲቱ ገዢ ፈቃድ ግን ያስፈልግ ነበር። ይህችን ነጥብ ሆን ብለው ዘለሏት። መድረሻ ተገኘ ማለት ነው። የጃፓኑ ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ ቶኪዮን አስፈቀዱ፤ ተከለከሉ። ቢሆንም በእጃቸው፣ በዚያ በሚያደክም የጃፓን ፊደል፣ ከ2,000 በላይ ቪዛ ጻፉ። በአንዱ ቪዛ ቤተሰብ ሙሉ የሚወጣበት ጊዜ ነበር።

ስደተኞቹ በባቡር ሳይቤሪያን አቋረጡ፤ ከቭላዲቮስቶክ በመርከብ ጃፓን ውስጥ ጹሩጋ ወደብ ደረሱ። የጹሩጋ ሰዎች ፖም አደሏቸው። አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በነፃ ከፈተላቸው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ሙቅ ውኃ!

ሌላ አገር ያላገኙት በ1941 ቻይና ውስጥ ወዳለችው ሻንጋይ ተላኩ። ከ1943 ጀምሮ ከተማዋን በያዘችው በጃፓን ትእዛዝ ሆንግኪው በሚባል ሰፈር ተወስነው እንዲኖሩ ተደረገ። ከሰፈሩ ለመውጣት ይለፍ ያስፈልጋል፤ እንደገና ሰልፍ። ይለፉን ይሰጥ የነበረው ጎያ የሚባል ጃፓናዊ ሹም ነው። ራሱን «የአይሁድ ንጉሥ» ይል ነበር። ሰልፈኛውን ይሰድባል፣ በጥፊ ይማታል።

ሱጊሃራም ጎያም የአንድ መንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የሁለቱም ሥራ ወረቀት ላይ መፈረም ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ ሰው በጥፊ መትቼ አላውቅም። ግን አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ወረቀት ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ። በስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበርና «ነገ ይምጡ» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ አጣጥፈው መልሰው ቋጠሩት። የልጁ በረራ የዚያኑ ሌሊት እንደነበር የሰማሁት ከርሞ ነው።

እባካችሁ፣ ወረቀት ከመመለሳችሁ በፊት «መቼ ነው የሚፈልጉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ የቀረው ሥራ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።